«ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?»፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የዕፀዋት ስሞች በካርቱም

በካርቱም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ «በታኹድ ደዋ ታኒ?»። ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ ማለት ነው። ተጠያቂው በዚያው ዕለት ማለዳ ጥቁር አዝሙድ በማር ልሶ፣ ከፈኪ ዘንድ የመጣ ሚሓያ ጠጥቶ፣ ለማታው ደግሞ የሚቀቀል ሥር አዘጋጅቶ ሳለ «ላ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ይህ ግን ሐኪሙን መዋሸት አይደለም። በከተማይቱ ዐረብኛ «ደዋ» ብቻውን ሲነገር በቅድሚያ የሚጠቁመው ከመድኃኒት ቤት የመጣውን ነው። ጥቁር አዝሙዱ ምግብም በረከትም ነው፤ ሚሓያው ቃል ነው፤ ሥሩም «ዒርግ» ነው። ጥያቄው ለአንዳቸውም አልቀረበም።

ዕፀዋትና የሆስፒታል መድኃኒት አብረው ሲወሰዱ ስለሚፈጠረው መጋጨት የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሚያተኩረው በጉበትና በደም ላይ ነው፤ ይገባዋልም። ይሁን እንጂ ጉበት ከመመርመሩ በፊት በሽተኛው ምን እንደ ዋጠ መታወቅ አለበት፤ ይህም የሚታወቀው በስም ነው። በካርቱም «መድኃኒት» የሚለው ቃል የሚሸፍነውና የማይሸፍነው ነገር ወሰን ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ በየዘመኑ ተሰምሯል፤ ሐኪሙና በሽተኛው ዛሬ የሚነጋገሩት በዚያ መስመር ወዲያና ወዲህ ቆመው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የዐረብኛ ቃላት በፊደል የተቀመጡት የፊደሉን ጥንታዊ ልዩነት በመጠበቅ ነው፤ ሐ ለሓእ፣ ዐ ለዐይን፣ ጸ ለጻድ። በአማርኛ አንደበት ሐ እና ዐ ከሌሎች ድምፆች ጋር ከተዋሐዱ ቆይተዋል፤ ጎረቤት ቋንቋን ለመጻፍ ግን ትርፍ የተባሉት ፊደላት ሥራ አያጡም። ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከበሽታው ስም መጀመር ይሻላል። በዐረብኛ ጸርዕ ይባላል። ግሡ መሬት ላይ መጣልን ያመለክታል፤ የትግል ስፖርት መጠሪያ የሆነው ሙጻረዓም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። አማርኛው «የሚጥል በሽታ» ሲል ያንኑ ሐሳብ በራሱ ቃል ይናገራል። ግሪኩ ኤፒሌፕሲያ ደግሞ «መያዝ» ነው። መጣልም መያዝም ጣይና ያዥ ይፈልጋሉ፤ ያ ጣይ ማን እንደ ሆነ ሰዋስው ባይናገርም ሰው ዝም አይልም። በኢትዮጵያ የክታብ ጥቅልሎች ውስጥ የዚህ ሕመም መናፍስት ባርያ እና ሌጌዎን እየተባሉ በጥምረት ይጠራሉ። ባርያ የሚለው ስም በኤርትራና በሱዳን ወሰን አካባቢ የሚኖሩት ናራዎች ቀድሞ በሌሎች ይጠሩበት የነበረ መጠሪያም ነው። በሱዳን የዛር ሥርዓት በበኩሉ ከመናፍስቱ ወገኖች አንዱ «ሐበሽ» ይባላል። ደገኛው የሚጥለውን መንፈስ በምዕራቡ ጎረቤቱ ስም ሲጠራ፣ የአባይ ዳር ሰው ከሚይዙት መናፍስት አንዱን ወገን በምሥራቁ ጎረቤቱ ስም ይጠራል። ይህ ልውውጥ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል።

ለሕፃናት መንቀጥቀጥ ዐረብኛው ሌላ ስም አለው፤ ኡም አጽ-ጽብያን፣ የሕፃናት እናት። በመካከለኛው ዘመን የሕክምና መጻሕፍት የበሽታ ስም፣ በሕዝብ ዘንድ ግን ሕፃናትን የምታጠቃ ጂኒ ናት፤ በድርሳነ ሱስንዮስ ከምትታወቀው ውርዝልያ ጋር ያላት ዝምድና ለማንም ግልጽ ነው። አንድ ስም የሐኪምም የደብተራም ሆኖ ለዘመናት ሊኖር እንደሚችል እነዚህ ቃላት ይመሰክራሉ።

በ1350 የሞተው የደማስቆው ሊቅ ኢብን ቀዪም አል-ጀውዚያ ይህን ድርብነት ሥርዓት አበጀለት። ዛድ አል-መዓድ በተባለው መጽሐፉ ጸርዕ ሁለት ነው ይላል፤ አንዱ ከክፉ መናፍስት የሚመጣ፣ ሁለተኛው በሰውነት ውስጥ ካሉ ርጥበቶች መበላሸት የሚመጣ። ሁለተኛው የሐኪሞች ነው። የነቢዩ ሕክምና የሚባለው ሥነ ጽሑፍ እስከ ዛሬ በዐረብኛ አንባቢ ዘንድ ብዙ የሚነበብ በመሆኑ ክፍፍሉም አልሞተም። ከዚህ የሚከተለው ለቋንቋ አጥኚ ትኩረት የሚገባው ነው፤ በሽታው ሁለት ከሆነ ሁለት ሕክምና አብሮ መውሰድ ማምታታት ሳይሆን ጥንቃቄ ይሆናል። ታማሚው የትኛው ጸርዕ እንደ ያዘው በእርግጥ ስለማያውቅ ለሁለቱም ይዘጋጃል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ስም። የዐረብኛ «ደዋእ» መድኃኒት ነው፤ «ዳእ» ደግሞ በሽታ ነው። በግእዝ ደወየ ታመመ፣ ደዌ ሕመም፣ ድውይ ሕመምተኛ ነው። አንድ ሴማዊ ሥር በአባይ ዳር ፈውስን፣ በደጋው ሕመምን ይዞ ቀርቷል። የግእዝ ሠረየም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው፤ ይቅር ማለትንም፣ በመድኃኒት ማከምንም ያመለክታል፤ ሥርየትና ሥራይ ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው፣ መሠርይም ጎረቤታቸው ነው። አማርኛው «መድኃኒት» ከመዳን የተወለደ ሆኖ ሳለ «መድኃኒት አበላችው» ሲባል ማንም ስለ መዳን አያስብም። እንግዲህ ቃሉ በአማርኛ እጅግ ሰፊ ነው፤ የሐኪም ቤቱን፣ የሥር ማሹን፣ የመርዙንና የመስተፋቅሩን ሁሉ ያቅፋል። በካርቱም ግን ደዋ በከተማይቱ ታሪክ ምክንያት እየጠበበ ሄዷል።

መጥበቡ የጀመረው በቱርክ–ግብፅ አገዛዝ ዘመን፣ ከ1821 እስከ 1885 ባለው ጊዜ ነው። ከሠራዊቱ ጋር የሠራዊቱ ሕክምና መጣ፤ ከሕክምናውም ጋር ቃላቱ። ኢስቢታሊያ ከጣልያንኛ፣ አጅዛኻና ከቱርክኛ፣ ሐኪምባሺ ከዐረብኛና ከቱርክኛ ተቀላቅሎ ገባ። አጅዛኻና ቃል በቃል «የመድኃኒት ቤት» ነው፤ አማርኛው «መድኃኒት ቤት» በአሠራሩ ከዚሁ ቅርጽ ጋር አንድ ነው። ከዚህ በኋላ መድኃኒት ቤት ያለው ነገር ሆነ። የሌላው ወገን ፈዋሽ ያለ ቤት ቀረ ማለት ግን አይደለም፤ የፈኪው ቦታ መሲድ ይባላል፣ ከመስጂድ የተገኘ የሱዳን ቃል ነው። ከካርቱም በስተ ምሥራቅ ያለው ኡም ደዋንባን ለአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ በመሆን ከታወቁት አንዱ ነው። ፈኪ ራሱ ከፈቂህ፣ ማለትም ከሕግ ዐዋቂ፣ የመጣ ሲሆን ብዙ ቁጥሩ ግን ፉገራ ነው፤ ይህም የፈቂር፣ የድኃው መናኝ፣ ብዙ ቁጥር ነው። ሕግ ዐዋቂው ሲበዛ ድኃ መናኝ ይሆናል። በሱዳን ሊቅነትና ቅድስና እንዴት እንደ ተዋሐዱ ለመግለጽ ከዚህ ያልተለመደ የቁጥር አረባብ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ፈኪው የሚሰጠው ሁለት ዋና ነገር አለ። ሚሓያ በሎሕ ላይ የተጻፈ የቁርኣን ቃል በውሃ ታጥቦ የሚጠጣ ነው፤ ስሙ «ማጥፋት፣ መፋቅ» ከሚል ግሥ ይወጣል። በኽራ ደግሞ የተጻፈበት ወረቀት በፍም ላይ ተጥሎ የሚታጠን ነው። ዐብዱላሂ ዑስማን አት-ቶም በዳርፉር በበርቲ ሕዝብ ዘንድ ስላለው ሚሓያ በ1985 ያሳተሙት ጥናት የተጠጣው ቃል እንዴት እንደሚታሰብ በዝርዝር ያሳያል። ለመድኃኒት አጥኚ ግን ሚሓያ ቃል ብቻ አይደለም፤ ቀለሙ ከጥላሸትና ከሱዳን ሙጫ የሚሠራ ነው፣ አንዳንድ ጊዜም ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ጠጪው «ምን ጠጣህ?» ቢባል የሱራውን ስም ይናገራል እንጂ የሙጫውን አይናገርም።

ሦስተኛው ዒርግ ነው። በጽሑፍ ዐረብኛ ዒርቅ የተባለው ቃል ሥርም ነው፣ የደም ሥርም ነው። አማርኛ «ሥር» እና «የደም ሥር» ሲል፣ ግእዝም ሥርው ሲል፣ ያው ጥምረት ይገኛል። በሱዳን ዒርግ ከዕፀ ሥርነት አልፎ ኀይል ያለው፣ የሚታሰርም የሚጠጣም ነገር መጠሪያ ሆኗል። ቃሉ ዕፁን አይለይም። ሰው «ዒርግ ሰጡኝ» ሲል የየትኛው ተክል ሥር እንደ ሆነ አልተናገረም፤ ብዙ ጊዜም አያውቅም፤ መጠየቅም ነውር ሊሆን ይችላል፣ የዐዋቂው ምስጢር ነውና። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ድንገተኛ የምንለው ሥር የተጠራው በተክሉ ሳይሆን በሚያክመው ሕመም ነው።

የእንግሊዝ–ግብፅ ዘመን ከሰይፍ ጋር ማይክሮስኮፕም ይዞ መጣ። በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ በሄንሪ ዌልካም ገንዘብ የተቋቋመው የምርምር ቤተ ሙከራ በአንድሩ ባልፎር መሪነት ዘገባዎችን ያወጣ ነበር። በ1908 የወጣው ሦስተኛው ዘገባ ስለ ትንኝና ስለ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ስለ ኮርዶፋን ሕዝብ የሕክምና ልማድ፣ ስለ ከሰላ አካባቢ ፈውስ፣ በማህዲና በኸሊፋ ዘመን ስለ ነበረውም ሕክምና የተጻፉ ምዕራፎች አሉት። እነዚህ ጽሑፎች ዛሬም ይጠቀሳሉ፤ ድክመታቸውም ከስም ይጀምራል። ጸሓፊዎቹ የመንግሥት ሐኪሞች እንጂ የቋንቋ ሰዎች አልነበሩም። ዐይንን የማያውቅ የላቲን አጻጻፍ ዒርግን ከሌላ ቃል መለየት አይችልም፤ ቃፍ በሱዳን አንደበት ግ ሆኖ ስለሚሰማም አንድ ተክል በመጽሐፍ አጻጻፍና በአንደበት አጻጻፍ ሁለት መስሎ ሊመዘገብ ይችላል። ከዚያ በኋላ የመጡት፣ የሂለልሰን የሱዳን ዐረብኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1929 የታተመው የብራውንና የማሲ የሱዳን ዕፀዋት መጽሐፍ፣ ከ1950 ጀምሮ በሦስት ቅጽ የወጣው የአንድሩስ ሥራ፣ ጉድለቱን በከፊል ሞልተዋል። የዐውን አሽ-ሸሪፍ ቃሲም የሱዳን ሕዝባዊ ዐረብኛ መዝገበ ቃላት በ1972 ሲወጣ ግን የአገሩ ሰው የአገሩን ስሞች በአገሩ ፊደል አገኛቸው።

በሕክምናው በኩል ወሰኑን ለማለዘብ የሞከሩት አት-ቲጃኒ አል-ማሂ ናቸው። በ1911 ተወልደው፣ በ1924 ከተከፈተው ኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት በ1935 ተመርቀው፣ በእንግሊዝ የአእምሮ ሕክምና ተምረው ሲመለሱ በሰሜን ካርቱም የነርቭ ሕመሞች ክሊኒክ አቋቋሙ። በዛርና በፉገራ ፈውስ ላይ የነበራቸው ፍላጎት የታወቀ ነው፤ የአገሩን ፈዋሽ እንደ ጠላት አላዩም። አሕመድ አስ-ሳፊ በ1970 በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ያሳተሙት የሱዳን ሀገረሰባዊ ሕክምና ጥናትም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። አል-ማሂ የሞቱትም በዚያው ዓመት ነው።

ክሊኒኩ የሚሰጠው መድኃኒትስ? ከ1857 ጀምሮ ብሮማይድ ነበር፤ በ1912 ፌኖባርቢታል፣ በ1938 ፌኒቶይን፣ ቀጥሎም ካርባማዜፒንና ቫልፕሮኤት መጡ። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ፌኖባርቢታል እስከ ዛሬ የድኃ አገሮች መድኃኒት ሆኖ ቀርቷል። እነዚህ ስሞች ከዕፅ ዓለም የራቁ ይመስላሉ። አይደሉም። ቫልፕሮኤት የሚለውን ስም መሐል ብንከፍተው ቫሌሪያና የተባለችው ተክል ትወጣለች፤ አሲዱን ቢቨርሊ በርተን በ1882 የሠራው ከዚያች ተክል የሚገኘውን የቫሌሪክ አሲድ አምሳያ አድርጎ ነው። ጣልያናዊው ፋቢዮ ኮሎና በ1592 ባሳተመው መጽሐፍ የራሱን የሚጥል በሽታ በዚያች ተክል ሥር እንደ ፈወሰ ተናግሮ ነበር። አሲዱ ግን ለሰማንያ ዓመት ማሟሚያ ፈሳሽ ብቻ ሆኖ ኖረ። በ1962 ፈረንሳዊው ፒየር ኤማር ከኺላ የተገኘውን የኬሊን ዘሮች ሲያጠና በውሃ አልሟሟ አሉት፤ በዚህ አሲድ አሟሟቸው፤ በእንስሳት ላይ የታየው መንቀጥቀጥን የመከላከል ኀይል የኬሊኑ ሳይሆን የማሟሚያው ሆኖ ተገኘ። ኺላ በግብፅ ለኩላሊት ጠጠር የሚቀቀል፣ የዓጣር ሱቅ ሁሉ የሚያውቀው ተክል ነው። በካርቱም መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ደዋ እንዲህ ከዓጣሩ መደርደሪያ ጎን የተወለደ ነው፤ ስሙ ግን ይህን ይደብቃል።

የአማርኛው ኪኒን የተገላቢጦሽ ምሳሌ ነው። ከክዊኒን፣ ማለትም ከአንድ ዛፍ ቅርፊት ከሚገኝ መድኃኒት ስም መጥቶ፣ ዛሬ የማናቸውም እንክብል መጠሪያ ሆኗል። ቅርፊቱ ተረስቶ ቅርጹ ቀረ።

አብሮ መውሰድ የሚያመጣው ጉዳት ምን እንደ ሆነ በጥቂት የታወቁ ጉዳዮች ማየት ይበቃል። ፌኒቶይን ጠባየ አስቸጋሪ ነው። ጉበት እርሱን የማፍረስ ዐቅሙ ወሰን አለው፤ ወሰኑ ሲሞላ ትንሽ ጭማሪ በደም ያለውን መጠን እጅግ ከፍ ያደርገዋል፣ ሰውየው ይንገዳገዳል፣ ሁለት ሁለት ያያል። መጠኑ ሲወርድ ደግሞ መውደቁ ይመለሳል። በ1987 የታተመ ጥናት በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን የፌኒቶይንን መጠን በጤነኞች ደም ውስጥ ከፍ እንደሚያደርግ አሳየ፤ ኋላም በታማሚዎች ላይ ተረጋገጠ። በ1998 በህንድ በካርባማዜፒን ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት የግሬፕፍሩት ጭማቂ መጠኑን በ40 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አገኘ። ግሬፕፍሩት በካርቱም የሩቅ አገር ፍሬ አይደለም፤ የአገሩ እርሻ የሚያፈራው፣ በየጭማቂ ቤቱ የሚቀዳ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውሁዶች ናቸው፤ የዚሁ ወገን ውሁዶች ኢትዮጵያውያን ቡና ውስጥ በሚነክሩት ጤና አዳምም ይገኛሉ። ጥቁር አዝሙድም በጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚያፈርሱ አንዳንድ ኤንዛይሞችን እንደሚገታ በሳዑዲ ዐረቢያ በጤነኛ ሰዎች ላይ ታይቷል። በሌላ በኩል በ2007 የወጣ አነስተኛ የኢራን ጥናት የጥቁር አዝሙድ ጭማቂ መድኃኒት አልበግር ባለ የሕፃናት መንቀጥቀጥ ላይ ረድቷል ይላል። ስለዚህ ተክሉን «ከንቱ» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሥራ የሚሠራ ነገር ነው፣ አደጋውም ከዚያው ይመጣል።

ለስም ጉዳይ ከሁሉም የሚቀርበው በ1992 የተመዘገበው የህንዱ ጉዳይ ነው። ፌኒቶይን እየወሰዱ ደኅና የነበሩ ታማሚዎች ሻንኻፑሽፒ የተባለ የአዩርቬዳ መድኃኒት ሲጨምሩ መውደቅ ጀመሩ፤ በደማቸው ያለው ፌኒቶይን ወርዶ ተገኘ። ችግሩ ሻንኻፑሽፒ የአንድ ተክል ስም አለመሆኑ ነው፤ በህንድ የተለያዩ ክፍሎች ዘመድ ያልሆኑ ተክሎች በዚህ ስም ይጠራሉ፣ የትኛው እውነተኛው ነው የሚለው ክርክርም የቆየ ነው። የመንደር ስም ይዞ ዕፁን መለየት አይቻልም፤ የዕፁን ሳይንሳዊ ስም ይዞም በሽተኛውን መጠየቅ አይቻልም።

ካርቱም ለዚህ ሳይንስ የራሷን ድርሻ አበርክታለች፤ የሚጥል በሽታን ባይመለከትም እዚህ መጠቀስ ይገባዋል። በ1994 ሱዳናውያን ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ጤነኛ ሱዳናውያን ክሎሮክዊንን ከዐረዴብ፣ ከከርከዴና ከሎሚ መጠጥ ጋር ሲወስዱ ወደ ደም የሚገባው የመድኃኒት መጠን በግልጽ እንደሚቀንስ አሳዩ። በወባ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለቋንቋ አጥኚ የሚያስደስተው ደግሞ የጥናቱ ርእስ መጠጦቹን በሱዳን ስማቸው መጥራቱ ነው። ከርከዴን እና ዐረዴብን «ሌላ መድኃኒት» ብሎ የሚቆጥራቸው በካርቱም የለም፤ እንግዳ ሲመጣ የሚቀርቡ ናቸው። ተመራማሪዎቹ የአገሩ ልጆች ስለ ነበሩ ደዋ ያልሆነውን መጠየቅ ዐወቁ። ይህ ብልሃት በሚጥል በሽታ ክሊኒክ ለምን አልተለመደም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህች ከተማ የአማርኛ ተናጋሪው ጉዳይ ለብቻው ይታያል። በአል-ዴም፣ በአል-ጀሬፍና በሌሎች ሰፈሮች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ኖረዋል፤ ከጦርነት የሸሸም፣ በ1984ና 1985 በረኃብ ምክንያት በገዳሪፍ በኩል የገባም፣ ሥራ ፍለጋ የመጣም አለ። ይዘውት የመጡት የሕመም እሳቤ ምን ይመስል እንደ ነበር ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 ካሳተሙት የቡታጅራ ጥናት መገመት ይቻላል፤ ከሺህ ሰው 5.2 የሚጥል በሽታ ነበረበት፣ አብዛኛው ዕፅ፣ ጠበልና ክታብ ሲጠቀም የታዘዘ የዘመናዊ መድኃኒት ሕክምና ያገኘው 1.6 በመቶ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ካርቱም ገብቶ «ደዋ ታኒ?» ሲባል ቃሉን የሚተረጉመው «ኪኒን» ብሎ ነው፤ ሌላ ኪኒን የለኝም ይላል። በገበያ ደግሞ ስሞቹ ግማሽ ይገጥማሉ፣ ግማሽ ያሳስታሉ። ጥቁር አዝሙድ በሱዳን ከሙን አስወድ ነው፤ «ጥቁር ከሙን» ማለት ነው፣ ተክሉም አንድ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ነጭ አዝሙድን ከሙን ነው የሚል ግን ሌላ ተክል ይዞ ይመለሳል።

ስመ ጥሩው ዑድ አጽ-ጸሊብም ለዚህ ይጠቀሳል። ጋሌኖስ በአንድ ሕፃን አንገት የፒዮኒ ሥር አሥሮ ለስምንት ወር ያህል መውደቁ እንደ ቆመ፣ ሥሩ ሲወርድ እንደ ተመለሰ፣ ሲታሰር ደግሞ እንደ ቀረ ጽፏል። ዐረብኛው ሥነ ጽሑፍ ፋዋኒያ ብሎ ተቀበለው፤ የዓጣሮች ገበያ ግን ተቆርጦ ሲታይ በውስጡ መስቀል ይታያል ስለሚባል ዑድ አጽ-ጸሊብ፣ የመስቀል ዕንጨት፣ አለው። በክታብና በመስቀል ሕመምን መከላከል ለለመደ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ይህ ስም የሚናገረው ጋሌኖስ ያላሰበውን ነው። ስም አንድን ሥር ከአንድ እምነት ወደ ሌላ ያሻግራል፤ ሲያሻግርም አወሳሰዱ ይለወጣል፤ በአንገት የታሰረው ሊቀቀልና ሊጠጣ ይችላል።

የሱዳን ዕፀዋትን የመመዝገብ ሥራ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በብሔራዊ የምርምር ማእከል ሥር ባለው የመድኃኒትና የመዓዛ ዕፀዋት የምርምር ተቋም ሲካሄድ ቆይቷል፤ ስለ ኤርኮዊትና ስለ ሌሎች አካባቢዎች በክፍል በክፍል የታተሙት ጥራዞች የየአካባቢውን ስሞች ይዘዋል። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካና የእስያ ጥናት ተቋምም ለቋንቋው ወገን መዲና ነበር። ሁለቱን ወገኖች አንድ ላይ አስቀምጦ፣ ለአንድ ሆስፒታል የሚሆን የጥያቄ ቃላት ዝርዝር፣ በካርቱም ዐረብኛ፣ በፉር፣ በኑቢን፣ በበጃ፣ በአማርኛና በትግርኛ፣ ማዘጋጀት ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አልነበረም። ዝርዝሩ «ደዋ» የሚለውን ቃል መያዝ አያስፈልገውም፤ ዛሬ ምን ጠጣህ፣ ምን ታጠንህ፣ ምን አሠርህ፣ ማን ሰጠህ የሚሉ ግሦች ይበቁታል። በሽተኛው ነገሩን ጨምድዶ በእጁ ይዞ እንዲመጣ መንገር ደግሞ ከማናቸውም መዝገበ ቃላት ይሻላል።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ውጊያ ተጀመረ። ሆስፒታሎች ተዘጉ፣ የመንግሥት የመድኃኒት መጋዘኖች ከእጅ ወጡ፤ በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሙሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማእከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ውጤቱ የታወቀ ነው፤ በተለይ ፌኖባርቢታል በአንድ ጊዜ ሲቀር የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊነሣ፣ ሊገድልም ይችላል። ከ1971 ጀምሮ ይህ መድኃኒት በዓለም አቀፍ የአእምሮ መድኃኒቶች ስምምነት ሥር ስለሆነ ድንበር ተሻግሮ መላኩም ከሌላው ይልቅ ወረቀት ይበዛበታል። ዕፁ ግን ወረቀት አይጠይቅም። አብሮ የሚወሰደው በምትኩ የሚወሰድ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ሲገኝም እንደገና አብሮ ሲወሰድ፣ የመጠኑ ስሌት በየጊዜው ይናጋል።

ከተሰደዱት ከፊሎቹ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ፤ በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በ1985 ወደ ምዕራብ የሄደው ጥያቄ አሁን ወደ ምሥራቅ ተመለሰ፤ ጠያቂው ኢትዮጵያዊ የጤና ባለሙያ፣ ተጠያቂዋ ከካርቱም የመጣች እናት ናት። «ለልጅዎ ሌላ መድኃኒት ይሰጡታል?» የሚለው አማርኛ ሁሉን ያቀፈ ነው፤ ሥሩንም፣ ውሃውንም፣ ጢሱንም። በመካከል ያለው ተርጓሚ ግን መምረጥ አለበት። «ደዋ» ቢል ጥያቄው በአንድ ቃል ጠብቦ እንክብሉ ብቻ ይቀራል። «ዒላጅ በለዲ» ቢል፣ ያገር ሕክምና ማለት ነውና፣ ሥሩ ይገባል፤ ሚሓያው ይገባ እንደ ሆነ ግን የእናቲቱ ጉዳይ ነው። ከሙን አስወድ በማር ካለ ደግሞ ምግብ ነው፤ በስሙ ካልተጠራ አይወጣም።